ከመንገድ የተኳረፈው ቤት

ያን ዓመት ዝናቡ ቸኩሎ ነበር የመጣው። የካቲት ገና ሳይጋመስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣለ፣ በማግስቱም ደገመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቡና ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው የሚወደው፤ አጠጥቶ ዘወር የሚል ዝናብ። ሳምንት ሳይሞላው ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ ጀምሮ ያለው ቁልቁለት ሁሉ ነጭ ለበሰ። ሽታው ማር ማር ይላል የሚሉ ነበሩ፣ የለም ሙሽራ ያለችበት ቤት ነው የሚሸተው የሚሉም ነበሩ። በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ እንኳ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ያወጣ ነበር። ንቡ ከመብዛቱ የተነሳ ሁለት ሰው ማሳ ውስጥ ቆሞ ሲያወራ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት።

ፈድሊያ ግን በሯ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ ከድጃ መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ “ዘንድሮስ አበባው ጉድ ነው። ሸተተሽ?” አለቻት።

“አየሁት” አለች ፈድሊያ።

ሸተተኝ አላለችም። ከድጃም ነገሩ ገባት። አባቦራ የሞተው ጥር ላይ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈድሊያ ወጡ ጨው ቢበዛበት አይታወቃትም፣ እሳት ቢነካት እጇን የምትሰበስበው ዘግይታ ነው። አታለቅስም። ለቀስተኛው፣ “ሶብር ሰጥቷታል፣ አልሀምዱሊላህ” እያለ አመስግኖ ሄደ። ሶብር፣ ትዕግሥት ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እሷም አታውቅም።

ፈድሊያ የአጋሮ ልጅ ናት። አባቷ በርጩማ ጠራቢ ነበሩ፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ሚስማር ሳይነካው፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ የሚያወጡ። አባቦራ ያኔ ጎረምሳ ሆኖ ከሰቃ እየመጣ ቡና ይገዛ ነበር። አንድ ቀን በርጩማ ልግዛ ብሎ ገባ። በሳምንቱ ሌላ ገዛ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። አባቷ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው፣ “ይሄ ልጅ ስንት መቀመጫ ነው ፈጣሪ የሰጠው?” አሉ። ፈድሊያ ጓዳ ሆና ሰማች፤ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ሽማግሌ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ስትዳር ከአባቷ ቤት ይዛ የሄደችው አንድ በርጩማ ነው። እሱ ቤት እንግዲህ በርጩማ ሞልቷል።

ሰቃ ያለው ቤታቸው የጭቃ ቤት ነበር፤ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከቡናው ጫካ ከፍ ብሎ። በሩ ወደ ካራው ነው የሚያየው፣ ወደ ግቢው መግቢያ። አባቦራ አንድ ልማድ ነበረው። ካራውን አልፎ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ሲደርስ ያስላል። ጉንፋን ይዞት አይደለም፤ መጣሁ ማለቱ ነው። ጅማ ውሎ ሲመጣም፣ ከመስጊድ ሲመለስም፣ ለአፍታ ወጥቶ ሲገባም ያስላል። ፈድሊያ ያቺን ሳል ስትሰማ ነበር ቀኑ መሸ የምትለው። ልጃቸው ሀቢቡላህ ሕፃን ሆኖ አባቱን እየቀደመ ያስልና እናቱን ያታልላት ነበር፤ እሷ ግን ተታልላ አታውቅም፤ የተታለለች መስላ ትነሳለታለች እንጂ።

ታሞ ጅማ ተወስዶ የተመለሰ ዕለት በመኪና ነው ያመጡት። መኪናው በካራው ገባ፣ ዋንዛው ሥር ቆመ። ያን ዕለት ሳያስል ገባ።

የኀዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ከጨረሰች በኋላም ከዚያች በር አልተነሳችም። በርጩማዋን ደፉ ላይ አድርጋ ካራውን ታያለች። እንደማይመጣ ታውቃለች፤ አእምሮዋ ደህና ነው። ጆሮዋ ነው እንቢ ያላት። ሰው በመንገዱ ሲያልፍ፣ በግ ሲያነጥስ፣ ጆሮዋ ቀጥ ይላል።

ክረምቱ ሲገባ የጭቃው ቤት የጓሮ ግድግዳ ሰመጠ። ምስጥ ሲበላው ኖሯል። ሀቢቡላህ አጋሮ ቡና የሚነግድ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ መጥቶ ግድግዳውን በእጁ ቢገፋው ጣቱ ገባ።

“ሃርሜ፣ እናቴ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አታድሪም” አላት። “ወይ አጋሮ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ ወይ እዚሁ አዲስ ቤት እሠራልሻለሁ።”

“እንደፈለግክ።”

“አጋሮ ትመጫለሽ?”

“እንደፈለግክ።”

“እዚሁ ልሥራ?”

“እንደፈለግክ አልኩህ እኮ።”

ልጇ ከዚህ የተሻለ መልስ ስላጣ እዚሁ ልሥራ አለ፤ እስከዚያው የሰመጠውን ግድግዳ በእንጨት አስደገፈላት። ፈድሊያ ስለ ቤቱ ምኞት አልነበራትም። አንዲት ነገር ብቻ በልቧ ይዛለች፤ በአዲሱ ቤት በር ላይም ሆና ካራውን ማየት። ይህቺ ከቀረችባት ግን ምን እንደሚቀራት አታውቅም።

ሊዮል የመጣችው ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ ጅማ ተምራ፣ እዚያው ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር የቤት ፕላን የምትሠራበት ቢሮ የከፈተች ልጅ ናት። ከእሷ ጋር የግንበኞቹ ፎርማን ጎሳዬ ነበር፤ ከወልቂጤ የመጣ፣ ቀልድ ሳይናገር ሲሚንቶ የማያቦካ ሰውዬ። ሀቢቡላህ ስልኩን አወጣና የቤት ፎቶ አሳያቸው። ፎቅ ነው፤ ነጫጭ ዓምድ፣ ሰማያዊ መስታወት።

“እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው።”

ሊዮል አየችው። “ያምራል። ግን ይሄ ቤት ሜዳ ላይ ነው የቆመው ጋሽ ሀቢብ። እዚህ ላምጣው ካልን ዋንዛውን እንቆርጣለን፣ ዳገቱን እንደ ዳቦ እንገምሰዋለን። ከዚያ ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ በሳሎን ነው የሚያልፈው።”

“ለጎርፉማ ቱቦ ይቀበራል።”

“ጎርፉ ከቱቦው በፊት ነው እዚህ የኖረው። መንገዱን አያስረክብም።”

“ልጅቷ ከዳገቱ ጋር ዝምድና አላት መሰለኝ” አለ ጎሳዬ።

“የአክስት ልጅ ነን” አለች ሊዮል፣ ሳትስቅ።

ያን ቀን ዝናብ ጣለ። ሁሉም ሲጠለል እሷ ፕላስቲክ ደርባ ግቢው መሀል ቆመች። ውሃው ከመንገዱ በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚከማች፣ የት ላይ ለሁለት እንደሚከፈል አየች። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ፀሐይዋ በየትኛው ዛፍ መሀል እንደምትገባ ጠብቃ አየች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ሆና ፈድሊያ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ሀቢቡላህ ስልክ ተደውሎለት ወደ መንገዱ ወጥቶ ነበር።

“እማማ ፈድሊያ፣ የሚኖሩበት እርስዎ ነዎት። ምን ዓይነት ቤት ይሁንልዎ?”

“የሚሆነው።”

“ክፍሉስ? ይብዛ?”

“እንጃ ልጄ።”

“ፊቱስ ወዴት ይሁን?”

ፈድሊያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። “ፊቱ ወደ ዱራ ይሁን” አለች።

“ወደ ዱሩ?”

“አዎ፣ ወደ ዱራ። እሱ ብቻ አይቅርብኝ።”

እዚህ አገር አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ አፍ ነው የሚያድሩት። ሰው አንዱን ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል፤ ቋንቋ ቀየርኩም አይል። ዱራ በኦሮምኛ ፊት ማለት ነው፣ የቀድሞውም ማለት ነው። ፈድሊያ ቤቱ እንደ ቀድሞው ወደ ፊት፣ ወደ ካራው ይይ ማለቷ ነበር። ሊዮል ደግሞ የምታውቀው ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ ደህና ዋል። ዱር ነው የሰማችው። ደስም አላት፣ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ጎርፉ ከመንገዱ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቤቱ ጀርባውን ለመንገዱ ይስጥ፤ ከቁልቁለቱ በኩል ብርሃን አለ፣ ነፋስ አለ፣ ቡናው አለ፣ ስለዚህ ፊቱን ለዱሩ ይስጥ። ባለቤቲቱ ራሳቸው ከአፌ ነጠቁኝ ብላ ሄደች።

መስከረም ላይ ከካርቶን የተሠራች ትንሽ ቤት ይዛ መጣች። ዛፎቹን በደረቀ የዛፍ ሽበት ሠርታቸዋለች። ከድጃ አይታ፣ “ዶሮ ይገባባታል?” አለች። ፈድሊያ ጣቷን ሰዳ ጣሪያውን ነካች።

“ፊቷ ወዴት ነው?”

“እንዳሉኝ ነው፣ ወደ ዱሩ።”

“ወደ ዱራ።”

“አዎን።”

እንዲህ ተባብለው ተግባቡ። ሀቢቡላህም የፕላኑን ሥዕል አይቶታል። ሥዕሉ ላይ በር አለ፤ በር ያለበት ፊት ነው፣ ፊት ያለው ደግሞ ወደ ካራው ነው ብሎ አለፈው። ቀጥሎ የቡና ለቀማ ደረሰ። ለቀማ ሲደርስ ቡና ነጋዴ ቤተሰብ የለውም፤ አጋሮ ገባና ድምፁ ጠፋ።

ቤቱ ቀስ እያለ ወጣ። መሬቱን ብዙ አልቆፈሩትም። ወፋፍራም የድንጋይ እግር ሠርተው ከፍ አደረጉት፣ ጎርፉ ከሥሩ ሾልኮ እንዲያልፍ። ቆርቆሮው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ጠርዙ ሰፊ ሆኖ ወጣ ብሏል፣ የጅማ ዝናብ በጎን ቢመታም ግድግዳው እንዳይርስ። ትልቁ ዋንዛ ጋ ሲደርስ ጣሪያው እንደ ጨዋ ሰው ዞር ብሎ አሳለፈው። በታች በኩል እንደ ማሳው የሚረዝም በረንዳና ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። በላይ፣ በካራው በኩል ግን የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከፍ ብለው የተቀመጡ ጠባብ መስኮቶችና አንዲት የኩሽና በር።

ከድጃ አንድ ቀን ካራው ላይ ቆማ ቤቱን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ፣ “ይሄ ቤት ከማን ጋር ተኳርፎ ነው?” አለች።

“ከመንገዱ ጋር” አለ ጎሳዬ ከላይ ሆኖ። “ሽማግሌ ብንልክም አልመለስ ብሏል።”

ፈድሊያ አብራ ቆማ ነበር። ያኔ ገባት። ዞራ ሄዳ የበሩን ክፍተት አየች፤ ወደ ዱሩ ነው። በሥጋዋ ውስጥ የሚቆጣ ነገር ካለ ብላ ፈለገች። እንደ ባዶ ጎተራ ነው፤ እጅ ይገባል፣ የሚይዘው የለም። ጎሳዬ ወርዶ፣ “እናቴ፣ በሩ ተስማማዎት?” ሲላት፣ “ይሁን” ብላ ወደ አሮጌው ቤቷ ተመለሰች፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ካራውን አየች። ለማንም አልተናገረችም።

ሀቢቡላህ የመጣው ለቀማው ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው፤ ለአባቱ ሙት ዓመት ቁርአን ሊያስቀራ። መኪናውን ካራው ላይ አቁሞ ከመኪናው አልወረደም። ቆይቶ ወረደ።

“በሩ የታል?”

“በዚያ በኩል” አለ ጎሳዬ።

“በየትኛው በዚያ?”

“በዱሩ በኩል ነዋ።”

“እንግዳ በዱር ነው የሚመጣው? ጅብ ነው እንግዳችን?” አለ ሀቢቡላህ። ለሊዮል ደወለ፤ ልጅቷ ከጅማ እስክትደርስ ግድግዳውን እየዞረ ሲያጉረመርም ቆየ። እንደ መጣች፣ “ቤት ለመንገድ ጀርባውን ይሰጣል? ሰው ምን ይለናል? ሰው ጠልተው ነው አይለንም?” አላት።

“እማማ ናቸው ያዘዙት” አለች ሊዮል። “ፊቱ ወደ ዱሩ ይሁን፣ እሱ ብቻ አይቅርብኝ አሉኝ።”

ሀቢቡላህ ወደ እናቱ ዞረ። “ሃርሜ፣ ምን ነበር ያልሻት?”

“ወደ ዱራ አልኳት።”

ጎሳዬ ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። ሀቢቡላህ ግንባሩን ይዞ፣ “ዱር አላለችሽም” አለ። “ዱራ ነው ያለችሽ። ዱራ ፊት ነው። እንደ ዱሮው፣ ወደ ካራው ማለቷ ነው።”

የሊዮል ፊት አመድ መሰለ። “ሁለት ጊዜ ተነጋግረንበት ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ሁለቴም ዱር ያሉኝ መሰለኝ። በእኔ ነው ጥፋቱ፣ ሰው አስተርጉሞ መጠየቅ ነበረብኝ።” ከዚያ ግድግዳውን አየችና ቀጠለች። “ይፈርሳል። የካራውን በኩል አፍርሼ በር እከፍታለሁ። ግን ልንገራችሁ፤ በሩ የሚከፈተው ዋንዛው ላይ ነው። ዋንዛው መቆረጥ አለበት። ጎርፉንም ሌላ መላ እንፈልግለታለን።”

“ይቆረጣላ” አለ ሀቢቡላህ። “እናቴ የፈለገችው ይሁን። ሃርሜ፣ ይፍረስ አይደል?”

ሁሉም እሷን አዩ። ጎሳዬ መዶሻውን ይዟል። ፈድሊያ ዋንዛውን አየችው። አባቦራ የሚያስለው እዚያ ሥር ነበር። ቢቆረጥ ታዝን እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ መልስ አላገኘችም። ባይቆረጥም እንደዚያው።

“ቆይ፣ ልግባበት” አለች።

በርጩማዋን አንጠልጥላ በኩሽናው በር ገባች። ለካ እስከዚያ ቀን ገብታበት አታውቅም። ወለሉ ገና ሲሚንቶ ነው። በባዶው ሳሎን አለፈችና በረንዳው ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

ከፊቷ ቡናው ነው፤ በቁልቁለቱ ወርዶ ወርዶ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከበላዩ የጥላ ዛፎቹ ናቸው፣ ብርብራው፣ ሳሳው። ከሩቅ ጉሬዛዎች ጭራቸውን ያንጠለጠሉበት አንድ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል። መንገድ የለም። አጥር እንኳ የለም። እግር የሚያስመጣ ቀጭን መተላለፊያም የለም። ቅጠል ኮሽ አለ፤ ጆሮዋ አልተነሳም። እንደገና ኮሽ አለ። ጆሮዋ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኝቷል። ስትጠብቅ ቆየች፣ ይነሳ እንደሆነ።

ልጇ ትዕግሥቱ አልቆ ተከትሎ ገባ፤ ሊዮልና ጎሳዬ ከኋላው።

“ሃርሜ፣ በይ ንገሪን።”

“ዺሲ” አለችው። “ተወው፣ ይቆይ።”

“ካራው አይታይሽም እኮ።”

“አይታየኝም።”

“አንቺ አይደለሽ እሱን ብቻ አይቅርብኝ ያልሽው?”

“ብያለሁ።” እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። “እዚያ ስቀመጥ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። በዚህ በኩል የሚያስል ሰው የለም።”

ሀቢቡላህ አባቱን እየቀደመ ያስል የነበረ ልጅ ነውና ምን እንዳለችው ገባው። ፊቱን ወደ ዋንዛው አዞረና ብዙ ቆየ። ጎሳዬ መዶሻውን ግድግዳው ሥር ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

“ዛፉስ?” አለች ሊዮል።

“ዛፉ ምን አደረገሽ? ይቁም።”

ቤቱ በቀጣዩ ክረምት ዋዜማ አለቀ። አሮጌውን አፈረሱት፤ እንጨቱን ለማገዶ ወሰዱት። ፈድሊያ ሲያፈርሱት አላየችም፤ በረንዳው ላይ ነበረች፤ ቆርቆሮው ሲወድቅ ሰምታ፣ “ጨረሱ” ብቻ አለች። ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣ፤ ልጅቷ እንዳለችው ከሥር ሾልኮ አለፈ። የሰቃ ሰው ቤቱን እስኪለምደው ብዙ አሾፈ። እንግዳ ካራው ላይ ቆሞ ይጣራል፣ የሚሰማው የለም፤ ዞሮ ዞሮ በኩሽናው በር ድስቶቹን ረግጦ ይገባል። ሀቢቡላህ ካራው ላይ ደወል አስገጠመ። ፈድሊያ አንድ ቀን ሲጮህ ሰማችና በማግስቱ ሽቦውን አስነቀለችው።

የካቲት ላይ ቡናው እንደገና አበበ። በዚህኛው ቤት አበባው እግር ሥር ነው፤ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ነጩን ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ከድጃ በኩሽናው በር ገብታ፣ የዛሬ ሁለት ዓመቷን ጥያቄ ይዛ መጣች።

“ሸተተሽ?”

ፈድሊያ ትንሽ አሰበች። “በሩ ክፍት ነው” አለች። “ይገባ ይሆናል።”

ከድጃ ሻሿን አስተካክላ ጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱም ንቡን ሲያዩ ዋሉ።

ሊዮል ቦሳ አዲስ ናት፤ ሰው ስታነጋግር አሁን አስተርጓሚ ይዛ ነው ይባላል። ጎሳዬ ሥራ ሲያልቅ ወደ ወልቂጤ ተመልሷል። ፈድሊያ ባለፈው ረመዳን ተምር የወሰዱላት ሰዎች እንዳገኟት እዚያው ሰቃ ናት፤ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ባለው ቤት፣ በዱሩ በኩል ባለው በረንዳ፣ በአባቷ በርጩማ ላይ።